ለሚወልዱ ዓሦች የውሃን ጥንካሬ ማሳደግ፦ በጎጃም ውሃ ለሚያረቡ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ከአዲስ አበባ በላስቲክ ተቋጥሮ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ የደረሰ ሞሊ የተባለው የገንዳ ዓሣ የመጀመሪያውን ሳምንት ደህና ሰንብቶ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ክንፎቹን ወደ ሰውነቱ ይሰበስባል፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳይል ባለበት ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ብርድን፣ ቀጥሎም በሽታን ነው። ብርድ ሊሆን ይችላል፤ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ ማሞቂያ የሌለው ገንዳ ሌሊት ሌሊት እጅግ ስለሚቀዘቅዝ ቴርሞሜትሩን አስቀድሞ ማየት ተገቢ ነው። ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ዓሣው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን መድኃኒት ከመግዛት በፊት ውሃውን መለካት ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ውሃው ለእነዚህ ዓሦች ከመጠን በላይ ለስላሳ መሆኑ፣ ማለትም ካልሲየምና ማግኒዢየም የጎደለው መሆኑ ነውና። (እዚህ ላይ "ለስላሳ" ስል በሳጥን የሚመጣውን መጠጥ ማለቴ እንዳልሆነ መናገር ግድ ሆኖብኛል፤ አንድ ዘመዴ ይህንኑ ምክር በስልክ ሰምቶ ለረጅም ጊዜ ሲስቅብኝ ኖሯል።)

ጉፒ፣ ሞሊ፣ ፕላቲና ሶርድቴይል እንቁላል ከመጣል ይልቅ ወዲያውኑ መዋኘት የሚችል ልጅ የሚወልዱ ዓሦች ናቸው። የትውልድ አገራቸው ከሜክሲኮ አንሥቶ በመካከለኛው አሜሪካ በኩል እስከ ደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ይደርሳል። በዚያ ያሉ ብዙ ወንዞችና ምንጮች በኖራ ድንጋይ ላይ የሚፈስሱ በመሆናቸው ካልሲየምና ማግኒዢየም የበዛባቸው ናቸው፤ ከሞሊዎችም አንዳንዶቹ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ጨዋማ ውሃ ውስጥ ይኖራሉ። የዓሣ ደም ከሚኖርበት ንጹሕ ውሃ ይልቅ ጨዋማ ስለሆነ ውሃው ሳያቋርጥ በስንጥቡ (በሚተነፍስበት አካሉ) በኩል ወደ ሰውነቱ ይሰርጋል፣ ጨውም በአንጻሩ ወደ ውጭ ይወጣል። በውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም የስንጥቡን ሽፋን አጥብቆ ይህን መፍሰስ ያቀዘቅዘዋል። ካልሲየሙ ሲያንስ፣ ለጠንካራ ውሃ የተፈጠረው ዓሣ ጉልበቱን ሁሉ ውሃ በማስወጣትና ጨው በመሰብሰብ ይጨርሰዋል፤ መንቀጥቀጡ፣ የክንፍ መጣበቁና የልጆቹ አለማደግ የሚመጣውም ከዚህ ነው።

የጎጃም ውሃ ሁሉ ለስላሳ ነው ማለት ግን አይቻልም። ደጋው በአብዛኛው በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሸፈነ ነው፤ ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን በሚወስደው መንገድ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ግን ከዚያ ጥቁር ድንጋይ ሥር የኖራ ድንጋይና የጂፕሰም ንብርብር በግልጽ ይታያል። ስለዚህ በአንዱ ወረዳ ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ከሌላው ወረዳ የምንጭ ውሃ ጋር አንድ አይሆንም፤ በአንድ ከተማ ውስጥም ቢሆን የሁለት ሰፈር ቧንቧ ከተለያየ ምንጭ ሊቀዳ ይችላል። "እንቶኔ እንዲህ አድርጎ ተሳካለት" ብሎ መጠኑን እንዳለ መቅዳት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ መለካት

ጥንካሬ ሲባል በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ነገሮች አሉ፤ እነዚህን አለመለየት ከማውቃቸው ስሕተቶች ሁሉ የተለመደው ነው። አጠቃላይ ጥንካሬ የሚባለው የካልሲየምና የማግኒዢየም ድምር ሲሆን በመመርመሪያ ዕቃዎች ላይ ጂኤች ተብሎ ይጻፋል፤ ዓሣው ለአካሉ የሚፈልገው ይህንን ነው። የካርቦኔት ጥንካሬ ወይም ኬኤች የሚባለው ደግሞ የባይካርቦኔት መጠን ነው፤ ሥራውም ፒኤች (የውሃውን አሲድነት የሚያሳየው ቁጥር፤ ሲወርድ ውሃው ወደ አሲድነት ያደላል) እንዳይዋዥቅ ማድረግ ነው። የዓሣውን ቆሻሻ የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች አሲድ እያመነጩ ይህን ክምችት በየቀኑ ይበሉታል፤ ያለቀ ዕለት ፒኤች በድንገት ይወድቃል። አንዱ ከፍ ብሎ ሌላው ዝቅ ሊል ስለሚችል ሁለቱም መለካት አለባቸው።

ለዚህ የሚሻለው ባለጠብታው መመርመሪያ ነው። በአብዛኛዎቹ ዓይነቶች 5 ሚሊ ሊትር ውሃ በብልቃጡ ይቀዱና ጠብታ በጠብታ እየጨመሩ ይነቀንቁታል፤ ቀለሙ እስኪለወጥ የገባው የጠብታ ብዛት የጥንካሬው ዲግሪ ቁጥር ነው። ለአጠቃላይ ጥንካሬ ቀለሙ ከብርቱካናማ ወይም ከቀይ ወደ አረንጓዴ፣ ለካርቦኔት ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ይዞራል። ብልቃጡን በነጭ ወረቀት ፊት በቀን ብርሃን ይያዙት፤ በአምፖል ብርሃን የመጨረሻዋን ጠብታ መለየት ያስቸግራል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው የጨው መለኪያ እስክርቢቶ በውሃው የሟሟውን ሁሉ በጅምላ ስለሚቆጥር የገበታ ጨውን ከካልሲየም አይለይም፤ ስለዚህ ብቻውን አይበቃም።

መመርመሪያ ካላገኙ በውሃ ቤተ ሙከራ ማስለካት ይቻላል። ውጤቱ በሚሊ ግራም በሊትር ካልሲየም ካርቦኔት ተብሎ ከተሰጠዎት ለ17.8 ያካፍሉት፤ ዲግሪው ይወጣል። በሃይላንድ የታሸገ ውሃ የሚጠቀሙም ከጠርሙሱ ወረቀት ላይ የካልሲየሙን ቁጥር ለ7.1፣ የማግኒዢየሙን ለ4.3 አካፍለው ይደምሩ። ለምሳሌ ካልሲየሙ 30፣ ማግኒዢየሙ 8 ቢሆን፣ 4.2 ከ1.9 ጋር ተደምሮ 6 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለጉፒ ጥቂት ያንሳል፣ ለሞሊ ግን በጣም ያንሳል።

ግቡም ከዓሣው ዓይነት ይመጣል። ለጉፒ ከ8 ዲግሪ ጀምሮ ይበቃል፤ ለፕላቲና ለሶርድቴይል ከ10 እስከ 15፣ ለሞሊ 15ና ከዚያ በላይ መልካም ነው። አራቱም ተደባልቀው በሚኖሩበት ገንዳ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ አጠቃላይ ጥንካሬና ከ6 እስከ 8 ዲግሪ የካርቦኔት ጥንካሬ ያለ ጭቅጭቅ ያስማማቸዋል። ውሃዎ አስቀድሞ 10 ዲግሪ ካሳየና ዓሦቹ ጉፒና ፕላቲ ከሆኑ ምንም አይጨምሩ።

ምን እንደማይጨመር

ከብዙ ዓመታት በፊት የመጀመሪያው ገንዳዬ ውሃ ለስላሳ መሆኑን ባወቅሁ ጊዜ፣ "ካልሲየም ከኖራ ይገኛል" የሚለውን ይዤ ግድግዳ ለመቀባት ከተገዛው ኖራ አንድ የሻይ ማንኪያ በጥብጬ ጨመርሁ። ውሃው ወዲያው እንደ አጓት ደፈረሰ፤ ጉፒዎቹ አፋቸውን ወደ ላይ ቀስረው አየር ሲምጉ ቆዩና ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ እንኳ የሚንቀሳቀስ አልነበረም። በጠዋት ስነሣ የገንዳው ወለልና ቅጠሉ ሁሉ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ነጭ ሆኖ ነበር።

የሆነው ይህ ነው፦ ለቀለም የሚሸጠው ኖራ የተቃጠለና በውሃ የበረደ ስለሆነ ፒኤችን በአንድ ጊዜ ከ10 በላይ ያሻቅበዋል፤ ይህም ስንጥቡን ያቃጥላል። ይባስ ብሎ በውሃው ውስጥ የነበረውን ባይካርቦኔት ወደ ካርቦኔት ለውጦ ካልሲየሙን ያዘቅጠዋል፤ ያ ነጭ ዱቄት እርሱ ነበር። በትልልቅ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያዎች ኖራ ውሃን ለማለስለስ የሚያገለግለውም በዚሁ መንገድ ነው፤ እኔ ማጠንከር ፈልጌ ማለስለሻ ጨመርሁበት። በቋንቋችን "ኖራ" እና "የኖራ ድንጋይ" በአንድ ቃል መጠራታቸው ያሳሳታል እንጂ፣ ያልተቃጠለው የኖራ ድንጋይ ለዓሣ ምንም ጉዳት የለውም።

ጀሶም እንዲሁ አይሁን፤ መሠረቱ ጂፕሰም ቢሆንም ለግንባታ የሚሸጠው በውሃ ውስጥ የሚረጋና ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። የገበታ ጨውም ሆነ አሞሌ ሶዲየም እንጂ ካልሲየም ስለማይሰጥ ጥንካሬን አያሳድግም። አመድ ፒኤችን ያሻቅባል። ቤኪንግ ፓውደር አሲድና ዱቄት የተደባለቀበት ነውና ከቤኪንግ ሶዳ ጋር አይምታታ፤ ባለሱቁ "ያው ነው" ቢልዎትም ያው አይደለም። የእንቁላል ቅርፊትን በአቼቶ አሟሙቶ መጨመርን የሚመክሩም አሉ፤ ቅርፊቱ በእርግጥ ይሟሟል፣ የሚወጣው ካልሲየም አሲቴት ግን ለባክቴሪያ ምግብ ስለሚሆን ውሃው ይደፈርሳል፣ ኦክሲጅኑም ያንሳል።

ድብልቁን ማዘጋጀት

ገንዳውን ሳይሆን ጀሪካኑን ያስተካክሉ። ዱቄት በቀጥታ ወደ ገንዳ ሲጨመር መጠኑ በአንድ ጊዜ ያድጋል፣ ያልሟሟው ቅንጣትም በዓሣው ላይ ያርፋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሚቀጥለው የውሃ ቅየራ ስንት እንደቀረ ማንም አያውቀውም። የሚገባው ውሃ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ግን ገንዳው በጊዜው ያንኑ ይመስላል።

የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ካልሲየም ክሎራይድ፣ ኢፕሶም ሶልት የሚባለው ማግኒዢየም ሰልፌት፣ እና ቤኪንግ ሶዳ። የመጀመሪያው የቤተ ሙከራ ኬሚካል ከሚሸጡ፣ ሁለተኛው ከመድኃኒት ቤት፣ ሦስተኛው ከማንኛውም ሱቅ ይጠየቃል። ካልሲየም ክሎራይዱን ሲገዙ ዳይሃይድሬት መሆኑን ከዕቃው ላይ ያንብቡ፤ ውሃ የሌለበት ደረቁ ዓይነት ከሆነ ከዚህ በታች ካለው መጠን ሦስት አራተኛው ይበቃል። ኢፕሶም ሶልቱም ሽቶ ወይም ቀለም የሌለበት ይሁን።

በ20 ሊትር ጀሪካን አንድ ዲግሪ አጠቃላይ ጥንካሬ ለመጨመር 0.52 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት ወይም 0.88 ግራም ኢፕሶም ሶልት ያስፈልጋል። አንድ ዲግሪ የካርቦኔት ጥንካሬ ለመጨመር ደግሞ 0.6 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል። ካልሲየም ከማግኒዢየም መብለጥ ስላለበት፣ ከሚጨመረው ሦስት ዲግሪ ሁለቱን ከካልሲየሙ፣ አንዱን ከማግኒዢየሙ መውሰድ ጥሩ ሚዛን ይሰጣል።

የቧንቧዎ ውሃ በሁለቱም መለኪያ 3 ዲግሪ ነው እንበል፤ ግቡ 12 አጠቃላይና 7 የካርቦኔት ይሁን። ዘጠኝ ዲግሪ ይጎድላል ማለት ነው፦ ስድስቱ ከካልሲየም ክሎራይድ 3.1 ግራም፣ ሦስቱ ከኢፕሶም ሶልት 2.6 ግራም። ለካርቦኔቱ የጎደለው አራት ዲግሪ 2.4 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ይሆናል። ይህን ያህል ጥቂት ነገር በወጥ ቤት ሚዛን መመዘን አይቻልም፤ ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ሚዛን ከሌለዎት መጠኑን አሥር እጥፍ አድርገው አስቀድመው ማሟሟት ይችላሉ። ሦስት ባለ አንድ ሊትር ባዶ ሃይላንዶች አጥበው፣ በአንዱ 31 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ፣ በሁለተኛው 26 ግራም ኢፕሶም ሶልት፣ በሦስተኛው 24 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ጨምረው እያንዳንዱን እስከ አንድ ሊትር ውሃ ይሙሉትና ስሙን በላዩ ይጻፉ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ጀሪካን ከሦስቱም 100 ሚሊ ሊትር መቅዳት ብቻ ነው፤ የታጠበ ባለ 100 ሚሊ ሊትር የሽሮፕ ጠርሙስ ለመለኪያነት ይበቃል። ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጡ፤ ውሃ የመሰለ ነገር በሃይላንድ ውስጥ ያየ ልጅ ሳይጠይቅ ይጠጣልና።

ሦስቱን በአንድ ጠርሙስ ላይ አይቀላቅሉ። ካልሲየሙና ሶዳው በወፍራሙ ከተገናኙ ወዲያው ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል፤ የዘቀጠውን ደግሞ መልሶ ማሟሟት አይቻልም። ጀሪካኑን መጀመሪያ በውሃ ሞልተው፣ ካልሲየሙን ጨምረው በደንብ ከነቀነቁ በኋላ ኢፕሶሙን፣ በመጨረሻ ሶዳውን ይጨምሩ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ሌሊቱን ያሳድሩትና ጠዋት ጥንካሬውን ይለኩ። ካሰቡት አንድ ዲግሪ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ አይጨነቁ፤ ሦስት ዲግሪ ከተራራቀ ግን አንድ ቦታ የሒሳብ ስሕተት አለ።

ገንዳውን ቀስ በቀስ ማሸጋገር

ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነና ውሃው 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ገንዳ በስሌት 54 ሊትር ይይዛል፤ አሸዋውና ድንጋዩ የያዙት ቦታ ሲቀነስ 50 ሊትር ገደማ ይቀራል። ከዚህ ላይ በየቀኑ 10 ሊትር አውጥተው በተዘጋጀው ውሃ ቢተኩ፣ በመጀመሪያው ቀን ጥንካሬው ከ3 ወደ 4.8 ያድጋል፤ በየቀኑ የሚጨምረው እያነሰ ሄዶ በሰባተኛው ቀን 10፣ በአሥረኛው ቀን 11 ይደርሳል። አንድ ጀሪካን ለሁለት ቀን ይበቃል ማለት ነው። ከዚህ አያፍጥኑት፤ በለስላሳ ውሃ የደከመ ዓሣ በአንድ ቀን ዘጠኝ ዲግሪ ቢዘልበት የሰውነቱ የጨው ሚዛን ይናጋል።

ከመጀመርዎ በፊት ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን አሞኒያ መለካት ግን አይለፍ። ረጅም ጊዜ የቆየና ፒኤቹ ወደ 6.5 የወረደ ገንዳ አሞኒያ ቢኖርበትም አብዛኛው ጉዳት በማያደርስበት መልክ ይቀመጣል። ሶዳው ፒኤችን ሲያነሣ ያው አሞኒያ መርዝ ይሆናል፤ ፒኤች አንድ አሃድ ባደገ ቁጥር መርዛማው ክፍል ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ያድጋልና። ስለዚህ መመርመሪያው አሞኒያ ካሳየ ጥቂት ቀን ምግብ እየቀነሱ፣ ካልሲየምና ኢፕሶም ብቻ በገባበት ውሃ እየቀየሩ መጀመሪያ ያጥሩት፤ ሶዳው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ውሃውን በቱቦ ሲያወጡ የቱቦውን አፍ በሻሽ ይሸፍኑት፤ አንድ ቀን የሆነው የጉፒ ልጅ ከሩዝ ፍሬ ስለማይበልጥ ሳይታይ ይሄዳል። የሚወጣውን ውሃ ለአትክልት ያጠጡት እንጂ ወደ ጣናም ሆነ ወደ ዓባይ በሚወርድ ቦይ አያፍሱት። ጣና በሌላ ቦታ የማይገኙ የራሱ ዓሦች ያሉት ሐይቅ ነው፤ በየወሩ የሚወልድ እንግዳ አያስፈልገውም።

ድንጋይ እንደ ደጋፊ

ኬሚካል ማግኘት የማይችል ሰው የኖራ ድንጋይ ኮረት፣ የእብነ በረድ ስብርባሪ ወይም የተቀቀለና ውስጠኛው ሽፋኑ የተላጠለት የእንቁላል ቅርፊት በሻሽ ከረጢት አድርጎ ውሃ በሚያልፍበት ማጣሪያ ውስጥ ሊያስቀምጥ ይችላል። የድንጋዩን ዓይነት ለመለየት በላዩ አቼቶ ያንጠባጥቡበት፤ ካረፋ ካርቦኔት አለበት፣ ዝም ካለ ከጓሮው ጥቁር ድንጋይ የሚለየው ነገር የለም። ዝገት ወይም የብረት ብልጭታ ያለበትን ይተዉት። ለ50 ሊትር 200 ግራም ያህል በቂ ነው።

ይህ መንገድ አዝጋሚ መሆኑን ግን ማወቅ ይገባል። ካርቦኔት የሚሟሟው ውሃው ወደ አሲድነት ሲያደላ ስለሆነ፣ ፒኤች ወደ 8 ሲጠጋ መሟሟቱ ሊቆም ጥቂት ይቀረዋል፤ ማግኒዢየምም እምብዛም አይገኝበትም። እኔ የምጠቀምበት በጀሪካኑ ፈንታ ሳይሆን ከጀሪካኑ ጋር ነው፤ ለሥራ ወደ ወረዳ ወጥቼ ሁለት ሳምንት ውሃ ሳይቀየር ቢቆይ የካርቦኔቱ ክምችት እንዳያልቅ ይይዝልኛል።

ጥንካሬውን መጠበቅ

ከተሸጋገረ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሊትር በተዘጋጀው ውሃ መቀየር በቂ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት ከገንዳው የሚያተንነው ውሃ ግን ማዕድኑን ትቶ ስለሚሄድ፣ የጎደለው በተዘጋጀው ሳይሆን ምንም ባልተጨመረበት ውሃ ይሞላ፤ አለበለዚያ ጥንካሬው በየሳምንቱ እየከመረ ይሄዳል። ለዓሣ ብሎ ውሃ ማፍላትም ይቅር፤ ሲፈላ ባይካርቦኔቱ ይፈርስና ካልሲየሙ በብረት ድስቱ ወለል ላይ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ስለሚቀር፣ የቀዘቀዘው ውሃ ከነበረው የለሰለሰ ነው።

በሐምሌና በነሐሴ የምንጩም የወንዙም ውሃ በዝናብ ስለሚቀጥን፣ በበጋ የተሰላው መጠን በክረምት ሊያንስ ይችላል። የቧንቧውን ውሃ ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ፣ ጥቅምት ላይ እንደገና ይለኩና ስሌቱን ያድሱ። ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከሁሉ የለሰለሰ ብቻ ሳይሆን ከቆርቆሮው ዚንክ ሊይዝ ስለሚችል፣ ቧንቧው ለሳምንት ቢጠፋ እንኳ ያንን ከመጨመር ሳይቀይሩ መቆየት ይመረጣል።

አዲስ ዓሣ ሲመጣም የሻጩ ውሃ ከእርስዎ የተለየ መሆኑን አስቀድመው ያስቡ። ላስቲኩን በባልዲ ውስጥ ከፍተው፣ ከገንዳው በቀጭን ቱቦ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጉ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ መጠኑን ሦስት እጥፍ ካደረሱ በኋላ ዓሣውን ብቻ በመረብ ያስገቡት፤ የላስቲኩ ውሃ ወደ ገንዳው አይግባ። ሞሊው በመጀመሪያው ቀን ጥግ ይዞ ቢውል ምንም አይደለም፤ በሦስተኛው ቀን ክንፉን ዘርግቶ ከመስታወቱ ላይ አረንጓዴውን ሲግጥ ካዩት ውሃው ተስማምቶታል።